ላም አይታለልም

እናቴ አማርኛ ስትናገር ላምም ዶሮም ሴትም ወንድ ናቸው። «ላሙ ወለደ» ትላለች። እኔንም ሰው ፊት «ልጄ መጣ፣ ሶዶ ነው የሚሠራ» ብላ ታስተዋውቀኛለች። ሶዶ ልብስ ስፌት ከፍቼ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ይሄን ነገሯን ሳላርም አልፌ አላውቅም። እርስ በርሳችን የምናወራው በወላይትኛ ቢሆንም፣ ከተማ ስትመጣ ለሰው ብላ አማርኛ ትሞክራለች፤ እኔ አርማታለሁ፣ እሷም «ገብቶሃል አይደል?» ትለኛለች፣ እኔን ሴት ልጇን። ለዓመታት ስቀንበታል። አሁን ግን ያ ስህተት ጆሮዬ ውስጥ ሲመጣ አልስቅም፤ እንዲያውም የያዝኩትን መቀስ አስቀምጬ ትንሽ እቀመጣለሁ።

ቤቷ ሁምቦ ነው፣ ቆላው ላይ። አባቴ ከሞተ በኋላ ሶዶ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላት አሻፈረኝ ያለችው በላሟ ምክንያት ነበር። ላሟ እንደ ቀድሞው ልማድ ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምታድረው። መሐላቸው ያለው የእንጨት ርብራብ ብቻ ስለሆነ ትንፋሿ እናቴ መኝታ ድረስ ይሰማል። በዚያ በጋ ላሟ ከብዳ ነበር፣ መውለጃዋም ተቃርቦ ነበር። እናቴ ስትደውልልኝ ስለ ጉልበቷ ሕመም ስጠይቃት ስለ ላሟ ሆድ ትመልስልኛለች። ቀኝ እጇን የላሟ ጎን ላይ ስታሳርፍ ጥጃው ከውስጥ መዳፏን እንደሚረግጣት ነግራኛለች። ይሄንን የነገረችኝ እሳቱ በተነሣበት ሳምንት ነው።

እሳቱ የተነሣው ከሰዓት በኋላ፣ የቆላው ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ከማጀቱ ወጥቶ የሣር ጣሪያውን ያዘ። እናቴ ደጅ ነበረች፤ ምንም ባልነካት ነበር። ጎረቤት ሊይዛት ሲሞክር አምልጣ ገባች፣ ገመዱን ልትፈታ። የገመዱ ቋጠሮ የአባቴ ነበር፤ እሱ ከብት ሲያስር ከብቱ በሳበው ቁጥር የሚጠብቅ ቋጠሮ ነበር የሚቋጥረው፣ እሷም ከሞተ በኋላ የእሱን አስተሳሰር አልቀየረችም። ላሟ በድንጋጤ ሳበችው፣ ቋጠሮው ጠበቀ። ሰዎች እናቴን ጎትተው ሲያወጧት ገመዱን አልለቅ ብላ እንደነበር ነግረውኛል። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች ተቃጥሏል። ላሟ ከነሆዷ እዚያው ቀረች።

እሳት የገደለው ከብት በክት ነው፣ አይበላም። ቆዳዋም ቢሆን የሚገፈፍ አልነበረም። የመንደሩ ወንዶች ጓሮ ያለው ግራር ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት። እኔ ስደርስ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር፤ ሽታው ግን ከአፈሩ በላይ ነበር፣ የተቃጠለ ጠጉርና የወተት ሽታ። ያ ሽታ ከልብሴ ወጥቷል፣ ከአፍንጫዬ ግን አልወጣም።

ጎረቤቶቿ እጇን በሙዝ ቅጠል ሸፍነው ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሶዶ ላካት። ሆስፒታል አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ቀን ሱቄን ለሠራተኛዬ ትቼ አልጋዋ አጠገብ እውላለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ «ማዘር» ነው የሚላት። የሞተውን ሥጋ በቀዶ ጥገና ካነሣ በኋላ ፋሻው ሲቀየር እንዳይ ፈቀደልኝ፤ ባይፈቅድልኝ ይሻለኝ ነበር። የእጇ ጀርባ ላይ ሥጋ የለም። ጅማቶቿ ነጭ ክር መስለው ተዘርግተዋል፤ ጣቷን ስታንቀሳቅስ ክሩ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ክር እንጀራዬ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነጭ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቱን ለሠራተኛዬ እሰጣለሁ።

ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳኝ። ጅማቱ እንዲሁ ከተተወ ይደርቃል፣ ጣቶቹም ይሞታሉ፤ ያኔ መቁረጥ ይመጣል። ከጭኗ ቆዳ ወስዶ ባዶ ጅማት ላይ ቢለጥፈው አይዝም፤ ቆዳ ሥር የሚሰድበት ሥጋ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥጋ የሚበቅልበት ነገር መልበስ አለበት። እናቴ በቀኝ እጇ ትቆፍራለች፣ በቆሎ ትፈጫለች፣ ታልባለች። በግራዋ ምንም አታውቅም። እጇ ከሄደ ሁምቦ መመለስ የለም፤ እኔ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣ መንገድ የምታይ አሮጊት ትሆናለች። ይሄንን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም አላልነውም።

ሐኪሙ እንግዳ ሐኪሞች ትተውለት ከሄዱት ነገር አንድ ማሸጊያ አውጥቶ አሳየኝ። በፕላስቲኩ ላይ ዳሰስኩት። ነጭ፣ ደረቅ፣ ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ ከምንከተው ጨርቅ ብዙም አይለይም። ከምን እንደተሠራ ጠየቅኩት። ከጥጃ ቆዳ አለኝ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፦ ያልተወለደ ጥጃ ነው። በውጭ አገር ቄራ ላሚቱ ስትታረድ ሆዷ ውስጥ ከተገኘ ጥጃ የተወሰደ ቆዳ። ሕይወት የነበረው ነገር በሙሉ ታጥቦ ወጥቶለታል፤ የቀረው መረቡ ብቻ ነው። ምርጊት የሌለው የቤት ማገር ማለት ነው፤ የእናትሽ ገላ መጥቶ ራሱ ይመርገዋል አለኝ።

ከሐኪሙ ጋር የነበረችው ሲስተር የሻንቶ ልጅ ናት፣ ወላይትኛዋ ከእኔ ይሻላል። ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ ለእናቴ መድኃኒት ነው ብዬ እንድነግራት መከረችኝ፤ ዝርዝሩ ምን ያደርግላታል አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከብት ጋር ያደረች ሴት ገላዋ ላይ የተለጠፈውን ሳታውቅ ትቀራለች ብዬ አላሰብኩም። ሄጄ ሐኪሙ እንደነገረኝ ነገርኳት፣ ያልተወለደ የሚለውንም አልደበቅኩም።

እናቴ የታሰረ እጇን ወደ ደረቷ ሳበችው፣ ልጅ ሊቀሟት እንደመጡ። ከዚያ በወላይትኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የእኔን ጥጃ አመጣችሁብኝ?» አለች።

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ታስብበት አልኩት። ሐኪሙም ብዙ እንዳታስብበት አሳሰበኝ፤ ጅማቱ እየደረቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው እስካሁን የሚመላለሱብኝ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ደህና ትውላለች። ፀሐይ ወደ ዳሞታ ተራራ ማዘንበል ስትጀምር፣ ሁምቦ ቢሆን ከብት የሚገባበትና የሚታለብበት ሰዓት ሲደርስ፣ ፊቷ ይለወጣል። ላም ለማለብ ስትቀርብ የምታሰማት ድምፅ ነበረች፣ በምላስና በላንቃ የምትወጣ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት። ያቺን ድምፅ አልጋዋ ላይ ሆና ታሰማለች። ከዚያ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ የሚመልስላት ያለ ይመስል። ፊት ለፊት የተኛችው የዱቦ ሴትዮ ተጫዋች ናት፤ መጀመሪያ ቀን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ተረተችባት፣ ክፍሉ ሳቀ። በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም አልሳቀም። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ ጠርታኝ ከእናቴ አልጋ በኩል የከብት ትንፋሽ እንደምትሰማ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ተቆጣሁና አልጋ ላይ መዋል ጆሮ ያበላሻል አልኳት። ሱቄ ተመልሼ እርጥብ የሱፍ ጨርቅ ላይ ካውያ ሳሳርፍ ግን የሞቀ ቆዳ ሸተተኝ። ፈራሁ። ካውያውን ነቅዬ በሩን ከፍቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ፣ ባጃጆቹ እስኪያጨናንቁት ድረስ።

የጸሎት ቤቷ ሴቶችም ሊጠይቋት መጡ። ጸለዩላት፣ ሙዝ አመጡላት፣ ከዚያ ስለ ቆዳው ሰሙ። ክርክር ተነሣ። አንዷ ውጭ አገር የታረደ በማን እጅ እንደታረደ አይታወቅም አለች። ሌላዋ ይባስ ብላ ጥጃው ካልተወለደ አልታረደም፣ ካልታረደ ደግሞ በክት ነው አለች። በክት የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። እናቴ ያቺን ላም በክት ብለው ሲቀብሩባት የሆነችውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። «የሚበላው ማነው? እጇን ልትበሉት ነው?» አልኳቸው። ተቀየሙኝ፣ እስካሁንም አንዷ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። እናቴ ግን ወደ እኔም ወደ እነሱም አላየችም፤ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ፋሻውን ታያለች።

እኔን ያስፈራኝ በክትነቱ አልነበረም። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ጥጃ ነው፣ የልጅነቴ። ያኔ የነበረችን ላም እምቦሳዋ ሞተባት። ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች፤ ጡቷ እስኪወጠር ብትታለብ ጠብ አይላትም። አባቴ የጥጃውን ቆዳ ገፍፎ፣ አድርቆ፣ ውስጡን ገለባ ሞልቶ ሰፋው። በጠዋትና በማታ ጨው ነስንሶበት ላሟ ፊት ያቆመዋል። ላሟ ትልሰዋለች፤ ስትልሰው ወተቱ ይወርዳል፣ እናቴም ታልባለች። አልበው ሲጨርሱ ያንን ነገር ርብራቡ ላይ ይሰቅሉታል፣ ልክ እኔ ከምተኛበት በላይ። ዓይን የለውም፣ እግሮቹ ደርቀው ቆመዋል፣ ነፋስ ሲገባ ገለባው ውስጡ ይንሿሿል። እየተነፈሰ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሆኜ ከዚያ ቤት ስወጣ ከምንም በላይ የተገላገልኩት እሱን ነው ብዬ አስብ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

አንድ ጠዋት ሐኪሙ ሊያይ ሲመጣ እናቴ ቀድማው ተነሥታ ተቀምጣ ጠበቀችው። እኔን አልጠበቀችም፤ እንድተረጉምላትም አልፈለገችም። በራሷ አማርኛ ጠየቀችው።

«ይሄ ቆዳ ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም የለም ማዘር። ባዶ ነው። የእርስዎ ሥጋ መጥቶ ይገባበታል።»

«ገላዬ የራሱ ይመስለዋል?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «አዎ ማዘር፣ እንደዚያ ነው። ትንሽ እናታልለዋለን።»

እናቴ አልሳቀችም። «ላም አይታለልም» አለችው። «ገለባ መሆኑን ያውቃል። እኔ ዓይኑን አይቻለሁ፣ ሲታለብ አጠገቡ ነኝ። ያውቃል። አውቆ ነው የሚልሰው።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ገለባው ጥጃ ነገርኩት። ከተማ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ እያዳመጠኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ላሟ እንደምታውቅ ግን እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። ልጅ ሆኜ ላሟን ተላላ አድርጌ ነበር የማያት፤ አባቴ ያሸነፋት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ያን ሁሉ ጠዋትና ማታ ልጇ እንደሞተ የምታውቅ እናት ሥር ተቀምጣ ኖራለች፣ እያወቀች ወተቷን የምትሰጥ እናት ሥር። እንዴት እንደቻለችው አላውቅም።

እናቴ እጇን ከደረቷ አንሥታ ለሐኪሙ ዘረጋችለት። «ይሁን» አለች። «አምጣው።»

ቆዳውን አለበሷት። ማሸጊያው ሲከፈት ደርቆ እንደነበርና ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደ ልጅ ቆዳ እንደለሰለሰ ሲስተሯ ነገረችኝ፤ ያንን ባትነግረኝም ግድ አልነበረኝም። ከዚያ ፋሻው እስኪፈታ መጠበቅ ነው። በማለቢያው ሰዓት እናቴ ያቺን ድምፅ ማሰማት አላቆመችም፤ አሁን ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እጇ ጎንበስ ብላ ነው የምታሰማው። የዱቦዋ ሴትዮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ።

ፋሻው ሲፈታ ነጩ ነገር ነጭ አልነበረም። ከዳሩ ጀምሮ ቀላ ብሏል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መሐሉም ቀላ፣ ጅማቶቹም ከዓይን ጠፉ። ሐኪሙ ሳይነካው ጎንበስ ብሎ አየውና «ያዘ» አለ፣ ደስ ብሎት። እናቴ ደግሞ በወላይትኛ ገላዬ እየላሰው ነው አለች። ለሐኪሙ ተረጎምኩለትና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቀይ የሆነው ነገር የተላሰ ነገር እርጥበት ነበረው፣ እሷም እንዳለችው ነበር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከጭኗ ስስ ቆዳ ወስደው ላዩ ላይ አደረጉበት። ያም ያዘ። ጣቶቿ ተረፉ፣ አምስቱም።

መሬቷ ከልቧ አልወጣ አለና ሁምቦ ተመለሰች። ጎረቤት የቆርቆሮ ቤት ሠርቶላት ነበር። ላም እንድትይዝ ቢለምኗትም እንቢ አለች። እጇ ይሠራል፤ ትንሽ ግትር ይላል፣ ቀለሙ ከሌላው ገላዋ የቀላ ነው፣ ጠጉርም አያበቅልም። እንግዳ ነገር ያመጣችው እሷ ናት። ከእኔ ጋር በወላይትኛ እያወራች ስለ እጇ ሲሆን ወደ አማርኛ ትዞራለች። ሲያሳክካት «ምን ሆነሃል?» ትለዋለች፣ ስትታጠብ «ቀዝቃዛ ነው፣ ቻለው» ትለዋለች። ሱቄ በመጣችበት ቀን ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ከሩቅ አገር ስለመጣ ወላይትኛ አያውቅም አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔም እንደ ቀልድ ወሰድኩት፤ ግን ስትሄድ መቀሱን አስቀመጥኩ።

ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ሁምቦ ወረድኩ። በዋዜማው ቤቱ ሁሉ ቅቤ በሚፈልግበት ሰሞን የጎረቤቷ ላም እምቦሳዋ ሞቶባት ወተቷን ይዛ ነበር። ጎረቤቷ የአባቴ ዕድሜ ሰው ነው፤ በድሮው መንገድ ቆዳውን ገለባ ሞልቶ ጨው ነስንሶ ላሟ ፊት አቆመው። ላሟ አሽታ ፊቷን አዞረች። ደግሞ አቀረበላት፣ በቀንዷ ገፋችው፣ ገለባው ተንሿሿ። ያ ድምፅ ከልጅነቴ ተነሥቶ ማጅራቴን ያዘኝ። እናቴን ጠሩ፤ ከእሳቱ ወዲህ ላም አልባ አታውቅም።

መጣች። ገለባውን ጥጃ አንሡት አለቻቸው። እሷ ከላሟ ጎን ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች፣ ያቺን ድምፅ አሰማች፣ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ጠጉር በሌለው፣ በቀላው ቆዳዋ ላይ የምሽቷ ፀሐይ አርፋበታለች። ላሟ አንገቷን ጠምዝዛ እጇን አሸተተች፣ ብዙ አሸተተች። ከዚያ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ላሰቻት። መላልሳ፣ ዓይኗን ከድና፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ሲላስ አይቼ እንደማውቀው አድርጋ ላሰቻት። እናቴ እጇን አልሳበችም። ምንም በማታውቅበት በግራ እጇ የላሟን ጡት ስትነካ ወተቱ ከሥር ባስቀመጡት ቅል ውስጥ መውረድ ጀመረ።

ጎረቤቷ ሳቀና የላብ ጨው ነው አለ። እኔም ጨው ነው ማለት ፈለግኩ። ፊቴን አዞርኩ። የእናቴ ላም የተቀበረችበት ግራር ከበስተኋላችን ይታያል፣ ሥሩ ያለው አፈርም ሣር አብቅሏል።

እናቴ ዓይኗን ከእጇ ሳታነሣ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ «ያውቃል» አለች።

እንባዬን ለመዋጥ ብዬ የለመድኩትን ተናገርኩ። «ታውቃለች በይ፣ እማዬ። ላም ሴት ናት።»

«ላሙን አላልኩም» አለችኝ።